ማግኔት ስቦታል የተባለው ድምፅ

ለሥራ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሪፖርት ይጽፋል። እኔም ጽፌአለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ ማኅተም አርፎባት ፋይል ውስጥ ገብታለች። እዚያች ገጽ ላይ ግን ጫማዬ ሚዛን ተፈሪ ላይ አፉን መክፈቱ፣ ዓርብ ቀን የታረደልኝ ዶሮ፣ የናስርና የወንድሙም ነገር እንደሆነው አልተጻፈም። ባልደረቦቼ ከጂማ ወዲያ ያለውን አገር የሚያውቁት በቡና መጠቅለያ ላይ ነው፤ ብዙዎቹም ሄደው ያዩታል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ለእነሱ ብዬ ቀን በቀን ልጻፈው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ምግብ እወዳለሁ፣ ሰው ሲቸኩል አልወድም፣ እኔ ራሴ ግን እቸኩላለሁ። አዲስ አበባ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ በአጭሩ «ማግኔት» የምንለው ማሽን አለ። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ማንም በሌለበት ድምፅ ሊሰማ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ ድምፁን ያደክመዋል ወይም ያጠፋዋል። ክኒን እየዋጡም አልለቅ የሚላቸው አሉ፤ ማሽኑ ለእነሱ ነው። ታካሚው ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጆሮው ላይ መከላከያ ይደረግለታል፣ ስምንት ቁጥር የሚመስል እጀታ ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ ራሱ ላይ ይያዛል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። እያንዳንዷ ቀጭታ የራስ ቅሉን አልፋ ድምፅ የሚሰማበትን የአንጎል ክፍል በማግኔት ኃይል ትነካለች፤ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለአራት ሳምንት፣ የጋለው ቀስ በቀስ እንዲበርድ። አንዳንዱ ሰው ስለ ኳስ እያወራ ይጨርሳል። አንዳንዱ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይለወጥም፣ የተሻለውም ከወራት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። ክኒኑ አይቋረጥም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለቤተሰብ ስንናገር ድምፃችን ዝቅ እንደሚል ያወቅሁት ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው።

ናስር የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከጂማ አካባቢ ሄደው ቴፒ የከተሙ ናቸው፤ ታላቅ ወንድሙ ጀማል እዚያ የቡና መቀሸሪያ አለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንዶች ስለ ናስር እየተከራከሩ ሲሰድቡት ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ «ተነሥና ውጣ» ብለውት አራት ቀን ጫካ ውስጥ ጠፍቶ፣ እግሩ ቆስሎ፣ በሸኮ በኩል መንገድ ዳር ነው የተገኘው። በክረምት ጀማል እኛ ጋ አመጣው። በሦስተኛው ሳምንት ድምፆቹ ሹክሹክታ ሆኑ፣ በአራተኛው ጠፉ። ጳጉሜ ላይ እየሳቀ ወደ ቤቱ ሄደ።

በየሁለት ሳምንቱ እደውልለት ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ስልኩን የሚያነሣው ጀማል ሆነ። «አብሽሩ ሲስተር፣ ነገሩ አልቋል» ይለኛል። ናስር መድኃኒቱን በየወሩ የሚወስደው ሚዛን ተፈሪ ሄዶ ነው፤ እዚያ ያለው ባልደረባዬ ተስፋዬ ደግሞ ልጁ ለሁለት ወር አልመጣም አለኝ። ሁለቱን ደመርኩ። ክኒን ካቆመ ድምፁ ሊመለስ ነው፤ ድምፁ ከተመለሰ ጫካውም አለ። ኃላፊዬን ለመንኳት፣ ሳምንት ፈቀደችልኝ፤ የሁለት ወር ክኒን በቦርሳዬ ይዤ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት ስለነበር አውቶቡሱ በዓሉን ጨርሰው በሚመለሱ ሰዎች ጢም ብሏል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ዓለም ገና ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ወልቂጤ ላይ ነቃ፤ አላስቀየምኩዎትም ወይ ብሎ ከልቡ ጠየቀኝ። ወልቂጤ ላይ ክትፎ በቆጮ በላሁ። እኛ ሰፈር ክትፎ ተብሎ የሚቀርበውን ካሁን በኋላ በምን ዓይን እንደማየው አላውቅም።

ግቤ በረሃ ወርደን ስንወጣ ሹራቤን አውልቄ መልሼ ለበስኩ። ጂማ የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም እያለቃቀሰ ነው፤ እዚህ ቧንቧውን ስከፍተው በኃይል ወጥቶ እጅጌዬን እስከ ክርኔ አራሰው። የሆቴሉ ባለቤት ሸሚዜን ተቀብላ ያለ ምንም ጥያቄ ተኩሳ መለሰችልኝ።

ረቡዕ

ከጂማ በሚኒባስ ተነሣን። ጎጀብን ተሻግረን ወደ ቦንጋ ስንወጣ አገሩ ሌላ ሆነ። እኛ ዛፍ ስንል ባሕር ዛፍ ማለታችን ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሥሩ ሣር የማያበቅል። እዚህ ዛፉ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፣ እሱም ላይ ሐረግ ተጠምጥሞበታል፣ ከሥር ደግሞ ቡናው በጥላው ተደብቆ ይኖራል። ጥር እኛ ጋ አቧራ ነው፤ እዚህ ዘነበ።

ከቦንጋ ወዲያ ቡና የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ጠበቀን። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሊገፉ ወረዱ፤ እያንዳንዱ እንዴት መገፋት እንዳለበት የየራሱ ሐሳብ ስለነበረው መኪናው ንቅንቅ አላለም። እኔ አጠገቤ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ቀረሁ። ሚዛን አጠገብ ካለችው ሸዋ ቤንች ናት፤ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ነው። ዘንቢሏን ፈታ የተቀቀለ ጎደሬ ሰጠችኝ፣ ጨውና ሚጥሚጣም ነበራት። ድንች የመሰለኝ ነገር ከድንች የከበደ ሆነና ሁለቱ ብቻ አጠገቡኝ። ረቡዕ ስለሆነ ጾሜንም ጠበቀልኝ።

ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንዲህ ስል ሰዎች ብዙ ጊዜ ወንበር ይቀይራሉ፤ እሷ ግን ተጠጋችኝ። የወንድሟ ልጅ እንዲሁ ሰው የማይሰማውን ይሰማል፤ ክኒኑ ድምፁን ቀንሶለታል፣ ግን እንቅልፍ ስለሚያበዛበት ማሳ ላይ ይተኛል። ክኒኑን የሚሰጠውን ነርስ አማክረው ሰዓቱን ወደ ማታ እንዲያዛውሩለት መከርኳት፤ ሁለት ጊዜ አስደግማኝ በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ማሽኑ እነሱ ጋ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማይመጣ ስነግራት አፈርኩ። ማሽኑ የእኔ አይደለም፣ ግን አፈርኩ።

ሚዛን ስንደርስ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ከሆቴሉ በር አሥር እርምጃ ሳልርቅ የቀኝ ጫማዬ አፉን ከፈተ። ሶሉ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እኔ በካልሲ ቆምኩ። ጫማ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሲስቅ አየሁት፤ ከዚያ ራሱ ተሻግሮ ሶሉን ከጭቃው አውጥቶ፣ እኔንም ደግፎ ወሰደኝ። ሁለቱንም ጫማ ዙሪያውን ሰፋቸው፤ ግራው ገና እንዳልተቀደደ ብነግረው፣ ይቀደዳል አለኝ። ክፍያ አልቀበል ብሎ አደከመኝ። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢገጥመኝ ቦርሳዬን አጥብቄ እይዝ ነበር።

ተስፋዬን በስልክ ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ በአካል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ የአገሩ ልጅ ነው። በሽተኞች ደጁ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከማጂ ተነሥቶ መንገድ ላይ አድሮ የመጣ አባት ነበር፣ ልጁን በነጠላ ጥለት ከወገቡ ጋር አስሮ። እኛ ክሊኒክ በቀን የምናየውን ተስፋዬ ከምሳ በፊት ያየዋል። ያም ሆኖ ማንንም ሲያቻኩል አላየሁም።

ከሥራ በኋላ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ቃሪያና ጥምዝ የገባበት ጨሞ የሚሉትን መጠጥ አቀረበችልኝ። ቡና ብዬ ስጎነጨው አፌን አቃጠለኝ፣ ሻይ ብዬ ስጎነጨውም አቃጠለኝ፤ በሦስተኛው ወደድኩት። ተስፋዬ ስለ ናስር የሚያውቀውን ነገረኝ። መድኃኒቱን ለምን እንዳልወሰደ ለጀማል ደውሎ ነበር። ጀማልም፣ «ወጥቷል እኮ፣ ከወጣ በኋላ ምን ያደርግለታል?» አለው። ምኑ ነው የወጣው ብሎ ሲጠይቀው ሳቀ አሉ። ተስፋዬ ነገሩ ጂን የማስወጣት፣ የሃይማኖት ጉዳይ መስሎት ሊያስቀይመው ስላልፈለገ አልገፋበትም። በደህና እንድመለስ ቤተሰቡ ቆሞ ጸለየልኝ።

ዓርብ

ከሚዛን ቴፒ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነው። ሸኮ ላይ ሹፌሩ ሙዝ ለመግዛት ቆመ፣ ተሳፋሪውም ሁሉ ወረደ፤ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ሙዝ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ነው። በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ ሄዶ ቴፒ ስንገባ ፊቴ ላይ እንፋሎት የወጣበት ድስት የተከፈተ መሰለኝ።

ጀማል በሞተር ብስክሌት መጣ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሰፊ ደረት፣ ለመሳቅ ሰበብ የማይፈልግ ፊት። ከኋላው እንድቀመጥ ሲጋብዘኝ ጉልበቴን አሳየሁት፤ ባጃጅ ጠራልኝና እሱ እንደ አጃቢ ፖሊስ ከፊት ከፊት እየነዳ ቤት አደረሰኝ።

ናስር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወፍሯል፣ ተላጭቷል። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ደስ አለኝ። እናታቸው ወይዘሮ ሐሊማ አቀፉኝና የልጄ እናት አሉኝ።

ምሳው የቀረበው ከጎረቤት ነው። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ፣ እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ቆጥረው፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ጋ ዶሮ ልከዋል። የአስቴር ባል አርዶ፣ እሷ በራሷ ድስት ሠርታ፣ በራሷ ሳህን ተሸፍኖ መጣ። ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። ዓርብ ነው። ሁሉም አፌን አፌን ያያሉ። ቀስ ብዬ ጾም መሆኑን ስናገር ወይዘሮ ሐሊማ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፣ አስቴር ረስቼው ብላ ግንባሯን መታች፣ ጀማል ደግሞ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጥቶ ተመለሰ። ዶሮው ወደ አስቴር ቤት ተመልሶ ለቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘለት። እኔ አቮካዶና ሙዝ በላሁ፤ አንዱ አቮካዶ ብቻውን እኛ ሰፈር የሚሸጡትን ሦስት ያህላል።

ከምሳ በኋላ ስለ ክኒኑ ጠየቅሁ። ጀማል መልሱን በአፉ አልሰጠኝም፤ ኑ ላሳይዎት ብሎ ወደ መቀሸሪያው ወሰደኝ። ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ገበሬው አድርቆ ያመጣው ጀንፈል ቡና በአንድ በኩል ይገባል፣ ቅርፊቱ ተለይቶ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። ጀማል ማሽኑን አስቁሞ፣ ቡናው ከሚገባበት አፍ ሥር መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ፈትቶ አወጣ። ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ብሎን፣ አንድ የከረጢት መስፊያ ወስፌም ተለጥፈውባታል። ማግኔት ናት።

«ይቺን ይዩ፣ ሲስተር» አለኝ። «ይቺ ባትኖር ወንፊቴ በየሳምንቱ ይበሳ ነበር። ሚስማሩን ከሳበችው አለቀ፣ ማሽኑን ማስነሣት ብቻ ነው። እናንተም የልጁን ሳባችሁለት። ከወጣ በኋላ ክኒን ለምኑ ነው?»

የት ቆሜ እንደነበር ትዝ አለኝ። በክረምት፣ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ፣ ጀማል ወንድሜን በኤሌክትሪክ ልታቃጥሉት ነው ወይ ብሎ ላብ አጥምቆት ሲጠይቀኝ፣ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ «ማግኔት ነው፣ ማግኔት ታውቅ የለ?» ብዬው አልፌአለሁ። አውቃለሁ አለ፣ ፊቱም በራ። እኔም ሰው ማረጋጋት እችልበታለሁ ብዬ ኮራሁ። ለካ ሰውየው ማግኔትን ከእኔ በላይ ያውቃል።

እዚያው ቆሜ አስረዳሁት። ናስር ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር የለም፣ ስለዚህ የወጣም የለም፤ ድምፁን የሚሠራው የገዛ አንጎሉ ነው፤ የእኛ ማሽን ያን ቦታ ያበርደዋል፣ ክኒኑ ደግሞ እንደበረደ እንዲቆይ ያግዘዋል አልኩት። በትሕትና ሰማኝ። ከዚያም የማይስብ ማግኔት ምን ዓይነት ማግኔት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቶሎ ቶሎ ያንኑ ደገምኩለት። በመጨረሻ እሺ ሲስተር አለኝ፤ እንግዳን ላለማሳፈር የሚባለውን እሺ። ናስር ደህና ከሆነ በኋላ ወይፈን አርዶ ሰደቃ አብልቷል፣ ሠፈሩም ዱዓ አድርጓል። ሁለት ቤተሰቦች የራሳቸውን በሽተኛ አዲስ አበባ እንዲወስድላቸው ለምነውታል። ወንድሜ ዳነ ብሎ ሰው ፊት አልቅሷል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማግኔቷን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቦታዋ መለሳት።

ቅዳሜ

ዶሮው በቁርስ ሰዓት ተመልሶ መጣ፣ እኔም በደንብ ተቀበልኩት። የአስቴር ባል ፕሮቴስታንት ነው፤ እሱ ያረደው ይበላል አይበላም የሚለውን የነፍስ አባቴ ሲጠይቁኝ እንነጋገርበታለን።

ከዚያ መጋዘን ሄድኩ። ናስር የሚሠራው የቡና መመዘኛው ላይ ነው፤ የገባውን የወጣውን ይመዝናል፣ ይመዘግባል። ደጁ ላይ ባለ ማንጎ ጥላ ሥር አስቀምጬ የተለመደውን ጠየቅሁት። እንቅልፍ ደህና፣ ምግብ ደህና፣ ድምፅ የለም። መልሱ ሁሉ ልክ ነበር፤ ትንሽ ፈጠነብኝ እንጂ።

ወደ ሥራው ሲመለስ ቁጭ ብዬ አየሁት። ወንበሩን ያስቀመጠው ማሽኑ ሥር ነው፣ ጩኸቱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ቦታ። ጥላውና ንፋሱ ያለው በሌላ በኩል ነው። እኛ ጋ ሳለ ድርብ የጆሮ መከላከያ ይለምን የነበረው ልጅ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ እየተነፈሰ ቆመ። ሠራተኞቹ ከረጢት ላይ ጋደም አሉ፣ ጀማል ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ነዳጅ ፍለጋ ወጣ። ጸጥታው ሲመጣ ናስር መዝገቡን ገልጦ ቁጥሮቹን በዝግታ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከዚያ መዝገቡን ዘግቶ ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደ። ጉልበቴን እየረገምኩ ተከተልኩት።

ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ከገና ሰሞን።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ ብቻ። ድምፀ ወፍራሙ። ቀጭኑ አልመጣም።» ይህን ሲለኝ መልካም ዜና እንደሚያበሥር ሰው ነበር።

ቀሪውን ቁጭ ብለን ነገረኝ። ክኒኑን ያቆመው ጀማል ስላዘዘው ሳይሆን ጀማል ደስ ስላለው ነው፤ ክኒን የሚውጥ ሰው ዳነ አይባልም። ድምፁ ሲመለስ ማን ዘንድ ይሂድ? ወይፈኑ ተበልቷል፣ ዱዓው ተደርጓል። አንድ ዓርብ ሰዎቹ ሁሉ ጁምዓ ሲሄዱ ብቻውን ቀርቶ ማግኔቷን ከማሽኑ ፈትቶ፣ እኛ እጀታውን እንይዝበት በነበረው ቦታ፣ ከግራ ጆሮው ከፍ አድርጎ ያዛት። ሃያ ደቂቃ በሰዓት እያየ።

ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁት።

«ግሪስ ቀባችኝ» አለና ፈገግ አለ። እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቼ በሽተኛ ፊት አላለቀስኩም ነበር።

ድምፁ ምን እንደሚያዝዘው ጠየቅሁት። ተነሥ ይለዋል፤ ውጣ ገና አላለውም። ክኒኑን መጀመር ይፈልጋል፣ ግን በምስጢር። ስሰጠው ማንም እንዳያይ፣ በየወሩም በአስቴር በኩል እንድልክለት ለመነኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈተነኝ። ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ሰው ሁሉ ደስ እንዳለው እሄድ ነበር። ሐኪማችን ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ ያለው ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ብቻ ስለሆነ እዚያ ወጥቼ ቆሜ፣ ክብደቴ ለሠራተኛው ሁሉ እየታየ አወራሁ። ከሁለት ወር በላይ ተቋርጦ በአንዴ በሙሉው አይጀመርም አለኝ፤ በግማሽ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፣ ቤት ውስጥም የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በምስጢር አይሆንም። ለጀማል እኔ እንደምነግረው ለናስር ነገርኩት። እሱም እስከ ነገ ታገሡኝ፣ ራሴ ልንገረው አለኝ።

እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። የእኛ ደብር በእሑድ መቆሚያ የለውም፤ እዚህ ሰው ጥቂት ነው፣ ቅዳሴው ሲያልቅም እንግዳ መሆኔን አይተው ሦስት ሰዎች ምሳ ጋበዙኝ። ለሦስቱም ስለ ጀማል ቤት ነገርኳቸው፤ ሦስቱም ያውቁታል፣ ሦስቱም ስለዳነው ወንድሙ አነሡልኝ። በእግሬ ተመለስኩ።

ምሳ ላይ አራት ነበርን፤ ወይዘሮ ሐሊማ፣ ጀማል፣ ናስርና እኔ። ናስር እንጀራውን ቆርሶ አልጎረሰም።

«ጀማል» አለ። «ድምፁ ተመልሷል። ወር ሊሞላው ነው።»

ጀማል ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፣ ድምፁን በሻንጣ ይዤ የመጣሁ ይመስል። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ፤ ወይዘሮ ሐሊማ ግን አልደነገጡም። ዓይናቸውን ትሪው ላይ ተክለው፣ እሳቸውም ያውቁ እንደነበር ተናገሩ። ናስር ጓሮ ሆኖ ለማይታይ ሰው ሲመልስ ሰምተውታል፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ከበሩ አይርቁም። ጀማል እንዲያ ደስ ብሎት እያዩ መናገር አልቻሉም። ለካ ቤቱ ሁሉ ሲጠብቅ የከረመው በሽተኛውን ሳይሆን ጀማልን ነው።

ጀማል እጁን ሳይታጠብ ተነሥቶ ወጣ። ሞተሩን ሊያስነሣ ሁለት ጊዜ ሲረግጠው ሰማን፤ ከዚያ ተወው። ተከትዬው ልወጣ ስነሣ ወይዘሮ ሐሊማ ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። ቀድሞ ወደ ነበረበት ቦታ አልሄደም፣ ናስር አጠገብ ተቀመጠ።

«ምን ይልሃል?» አለው።

እኛ ክሊኒክ ይህን የምንጠይቀው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቅጽ ላይ ቦታ አለው። በዚህ ቤት ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ጠይቆት አያውቅም፤ መጠየቅ ነገሩን ያበረታዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ናስር ወደ እኔ አየ። እኔ ዓይኔን ወደ ጀማል መለስኩ።

«ለጀማል ብትነግረው ከቤት ያስወጣሃል ይለኛል» አለ። «ዕብድ ወንድም አያስፈልገውም ይለኛል።»

ጀማል ወደ ናስር ዞረ።

«አሁን ነገርከኝ አይደል?»

«ነገርኩህ።»

«አስወጣሁህ?»

«አላስወጣኸኝም።»

«ታዲያ ውሸታም ነዋ» አለ ጀማል።

ናስር ሳቀ። አጭር ሳቅ ናት፣ ሳል ትመስላለች፣ ግን ሳቅ ናት። ወይዘሮ ሐሊማ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እኔም ትንሽ አገዝኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ክኒኑ ለሁለት መከፈል ነበረበት። ጀማል ቢላዋ አምጥቶ፣ የቡና ናሙና የሚያይበትን ትንሽ ሰሌዳ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆረጠው፤ ግማሾቹን አስተያይቶ አንደኛው በለጠ ብሎ ተበሳጨ። የማይስበውን ማግኔት ነገር እንደገና ጠየቀኝ። አሁን ሳልቸኩል፣ አንድ ሰዓት ያህል አስረዳሁት፤ ሁሉም እንደገባው እርግጠኛ አይደለሁም፣ ክኒኑ እንደማይቋረጥ ግን ገብቶታል። ያነጋገሩትን ሁለት ቤተሰቦች ራሱ ሄዶ እንደሚያርማቸው ነገረኝ። ናስርንም ሐኪሙ ከፈቀደ በክረምት ለሁለተኛ ዙር ይዞት ሊመጣ ተስማማን።

ሰኞ

የሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የእኔ ያልሆነ ብዙ ነገር በእኔ ስም ተጫነ፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮረሪማ፣ አስቴር የላከችው ማር። አንድ ሻንጣ ይዤ መጥቼ እንደ ነጋዴ ልመለስ ነው። ጀማል ሹፌሩን በቀስታ እንዲነዳ እያስጠነቀቀ፣ ወይዘሮ ሐሊማ ስለ ጉልበቴ ቅባት እያስረዱኝ ሳለ ናስር በመስኮቱ በኩል መጣ።

እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁት።

«ጠዋት መጣብኝ፣ ሲስተር» አለኝ። «ተነሥ አለኝ። ውሸታም ነህ አልኩት።»

«ዝም አለ?»

«አላለም» አለ ናስር። «እኔ ግን ቁርሴን በላሁ።»